ሁለት የዓሣ ሱቆች፣ ሁለት ምክር፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ «ለልጆቼ ብዬ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የገዛሁበት ሱቅ "ውሃ ሞልተሽ ዛሬውኑ ስድስት ጎልድፊሽ ጨምሪ፤ በየሳምንቱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀይሪው፤ ዓሣ እንደሆነ እንደ ዕቃው ልክ ነው የሚያድገው" አለኝ። ሌላ ሱቅ ደግሞ "ሦስት ሳምንት ሳትጠብቂ ዓሣ እንዳታስገቢ" ብሎ አንድ ጠርሙስ የባክቴሪያ ፈሳሽ ሸጠልኝ። ማንን ልመን? ለወደፊቱስ አንድ ሱቅ ትክክለኛ ምክር እየሰጠኝ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ምላሽ፦

ዓሣ ከማስገባትዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው።

አጭሩን ላስቀድም። የመጀመሪያው ሱቅ የነገረዎት ሦስቱም ነገር ስህተት ነው። የሁለተኛው ምክር ወደ እውነቱ የቀረበ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ባዶ ውሃ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ «ጠብቂ» ማለቱ ብቻ ሱቁን ታማኝ አያደርገውም። «ምን እስኪሆን ነው የምጠብቀው?» ብለው ሲጠይቁት የሚሰጥዎት መልስ ነው የሚለየው።

ይህቺን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የአንድን ሱቅ እውቀት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ መርዙ ይሳሳል። በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሣውን የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ብዙም አይጎዳም። በየሳምንቱ ከውሃው የተወሰነውን ሲቀይሩ ይቀንሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ሳይሆን በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ለመራባት ጊዜ ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይባላል። ያ ግን ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም 18 ወይም 19 ዲግሪ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ባክቴሪያዎቹም ይዘገያሉ። ስለዚህ «ሦስት ሳምንት» የሚባል ቁርጥ ያለ ቀነ ገደብ የለም።

ደግሞ የሚበሉት ከሌለ አይራቡም። ምግባቸው አሞኒያ ነው። አሞኒያ ያልገባበት ውሃ ወር ሙሉ በፊልተር ቢዞር ያው ባዶ ውሃ ነው። ዓሣው በገባ ቀን ችግሩ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ሱቅ ይህንን ሳይነግርዎት ከሆነ የሸኘዎት፣ ልማዱን ይዟል እንጂ ምክንያቱን አልያዘም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሱቅ ምክር ግን የሚያስከትለው ሌላ ነው። ስድስት ጎልድፊሽ በአንድ ቀን ቢገቡ አሞኒያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍ ይላል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ለመሳብ አፋቸውን ይከፍታሉ። እርስዎም ይደነግጡና ውሃውን በሙሉ ደፍተው በቧንቧ ውሃ ይሞሉታል። ዓሦቹ የሙቀትና የውሃ ጠባይ ለውጥ በአንዴ ይወርድባቸዋል። ፊልተሩ በክሎሪን ውሃ ሲታጠብ መራባት የጀመሩት ባክቴሪያዎችም ያልቃሉ። እንደገና ከዜሮ። «እኛ ቤት ዓሣ አይበረክትም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እጃቸው ወይም ዕድላቸው አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድነው? እኔ የማየው ሻጩ ከመሸጡ በፊት መጠየቁን ነው። «አኳሪየምሽ ስንት ሊትር ነው? ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው? አሁን ምን ዓሣ አለበት? ማሞቂያ አለው? የምትኖሪው የት ሰፈር ነው?» የሚል ሻጭ ካገኙ ደስ ይበልዎት። የሊትሩን መጠን ካላወቁ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር ጠይቆ፣ አባዝቶ፣ ለ1,000 አካፍሎ ይነግርዎታል። እነዚህን ሳይጠይቅ «የትኛውን ልስጥሽ?» ብሎ መረብ የሚያነሳ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን የሰጠዎት ምክር የእርስዎን ቤት አያውቀውም።

ሰፈር መጠየቁ ለምን እንደሚጠቅም ልንገርዎት። የከተማችን ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ማዕድን ይበዛበታል። ይህ ለዓሣው ለውጥ አለው። ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ቁጥር ያው የአሞኒያ መጠን የበለጠ መርዛማ ይሆናል። የዚህ መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ለአንዱ ሰፈር የሠራ ምክር ለሌላው ሰፈር ላይሠራ ይችላል።

አዲስ አበባ የራሷ የሆኑ ሌሎች ጉዳዮችም አሏት፤ ጥሩ ሱቅ እነዚህን ሳይጠየቅ ያነሳል።

አንዱ ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከውጭ ቪዲዮ ላይ «ለ100 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ የማይገባው ለዚህ ነው። እዚህ የዓሣው ቁጥር መቀነስ፣ የውሃው ገጽ ደግሞ ደህና አድርጎ መንቀሳቀስ አለበት። የአየር ፓምፕ በዋናነት የሚጠቅመው አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ የውሃውን ገጽ ስለሚያናውጠው ነው። «ፊልተር ካለኝ የአየር ፓምፕ ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ስለ ውሃው ገጽና ስለ ዓሣው ብዛት ካወራ ገብቶታል ማለት ነው።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ያጣሉ። ለአጭር ጊዜ ችግር የለውም። ለረጅም ሰዓታት ከቆየ ግን፣ በተለይ ፊልተሩ ዝግ ከሆነ፣ ውስጡ ይበሰብሳል። መብራት ሲመጣ ያን ቆሻሻ ወደ ዓሦቹ ይረጨዋል። እንዲህ ሲሆን ፊልተሩን መልሰው ከማስነሳትዎ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁት። መብራት በጠፋበት ሰዓት ምግብ አይስጡ። በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከላይ መልሰው ማፍሰስም ኦክስጅን ያስገባል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኙ ይግዙ። አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየም እየሸጠ ስለ መብራት አንድም ቃል ያልተነፈሰ ሱቅ ምክሩን ከአንድ ቦታ ገልብጦታል ብዬ ነው የማስበው።

ውሃውም በፈረቃ ነው። ቤትዎ ሮቶ ካለ የሚጠቀሙት የተጠራቀመ ውሃ ነው። ክሎሪን ያለበትን ውሃ አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ካቆዩት ክሎሪኑ በአብዛኛው ይወጣል፤ የአየር ፓምፕ ከጨመሩበት ይፈጥናል። ክዳኑ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ የቆየው ግን እንደ ባልዲው አይቆጠርም። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን የሚያነቡ ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ወገኖቻችን ልብ ይበሉ፤ እዚያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን በባልዲ በማቆየት አይወጣም፤ ማጥፊያው የግድ ነው።

ቅዝቃዜውም አለ። የአዲስ አበባ ሌሊት ለጎልድፊሽ ይመቻል፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል። ቤታ፣ ጋፒ፣ ኒዮን ቴትራ የመሳሰሉት ግን የሞቃት አገር ዓሦች ናቸው። ቤታን «ማሞቂያም ፊልተርም አይፈልግም» ብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ሱቅ በአንድ እውነት ተከልሎ ነው የሚያሳስተው። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል አለው። ስለዚህ ሌላ ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ውስጥ ይቆያል። ቢያንስ 24 ዲግሪ ካላገኘ ግን ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ክንፉ እየተበላ ይሄዳል። አለመሞቱን እንደ ደህንነት መቁጠር አይገባም። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። መከላከሉ በጣም ቀላል ነውና።

አሁን ዓይንዎን ወደ ሱቁ የዓሣ ዕቃዎች ይመልሱ። አንድ የሞተ ዓሣ ማየት ብቻውን ሱቁን አያስወቅስም። ዓሣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ አይችለውም። የሚያስወቅሰው ሬሳው እዚያው ተትቶ ሌሎቹ ሲበሉት ነው። ክንፋቸውን ወደ ሰውነታቸው አጣብቀው ጥግ የያዙ፣ ገላቸውን ከጠጠር ጋር የሚያሹ፣ ነጭ ነጥብ የወጣባቸው ዓሦች ካሉ ያስተውሉ። ዓሣው ጤነኛ ቢመስልም እንኳ እነዚህ ባሉበት ዕቃ ውስጥ ካለ አይግዙት። ሻጩ አንዱን መረብ ሳያጸዳ ከዕቃ ዕቃ የሚያዞር ከሆነ በሽታውም አብሮ ይዞራል። በአንጻሩ «እነዚህ ገና መምጣታቸው ነው፤ አሁን አልሸጥም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ካዩ ያ ሱቅ ገንዘቡን ለማግኘት መታገስ የሚችል ሱቅ ነው። ዓሣው መቼ እንደመጣ ይጠይቁ። ሲበላ ማየት እፈልጋለሁ ይበሉ። ደስ ብሎት ያሳይዎታል ወይስ ይቆጣል?

ስለ መድኃኒት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ «ዓሣዬ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ምን ላድርግ?» የታወቀ በሽታ ነው፤ ነጭ ነጥብ ይባላል። የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ዓሣው ቆዳ ውስጥ እያለ መድኃኒቱ አያገኘውም። መድኃኒቱ የሚገድለው ከዓሣው ወጥቶ፣ ተራብቶ፣ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ብቻ ነው። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ወደ አንድ ሳምንት ይጠጋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ «አንድ ቀን ጨምሪበት፣ ይለቀዋል» የሚል መልስ ውድቅ ነው። «ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? በቅርቡ አዲስ ዓሣ አስገብተሻል?» ብሎ ጀምሮ ሕክምናው ለተከታታይ ቀናት እንደሚሄድ የሚነግርዎት ሰው ሥራውን ያውቃል። ለማንኛውም በሽታ ቴትራሳይክሊን አውጥቶ የሚሰጥ ሱቅ ካጋጠመዎት ግን ይውጡ። አንቲባዮቲክ ጥገኛ ተሕዋስን አይገድልም። በዘፈቀደ ሲበተን ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ይፈጥራል።

ልጆች ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓሣ ውሃ ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በቁስል በኩል ገብቶ ቆዳን የሚያሳብጥ ባክቴሪያ አለ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ጥንቃቄውም ቀላል ነው። እጁ የቆሰለ ሰው አኳሪየሙ ውስጥ እጁን አይክተት። ከነኩ በኋላ በሳሙና መታጠብ ነው። ውሃ ለመቅዳት ጎማውን በአፍ መሳብም ይቅር። ይህንን ለወላጅ የሚናገር ሻጭ ካገኙ ደንበኛ ያድርጉት።

«ዓሣ እንደ ዕቃው ልክ ነው የሚያድገው» ወደሚለው ልመለስ። ይህ አባባል በየአገሩ ይነገራል፤ ሻጩ አልፈጠረውም። ግን እውነት አይደለም። በጠባብ ዕቃ ውስጥ ያለ ዓሣ የሚቀጭጨው ውሃው ስለሚበከልና ሰውነቱ ስለሚጎዳ ነው። ጌጠኛው (ድቡልቡል ገላ ያለው) ጎልድፊሽ ሲያድግ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ተራው ከዚያም ያልፋል። በደህና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖሮ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። ልጆችዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ዓሣው ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ለ60 ሊትር ስድስት ቀርቶ ሁለትም በጣም የተጣበበ ነው። መስታወት ይልሳል ተብሎ በትንሽነቱ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ ደግሞ ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ኦስካርም እንዲሁ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ሻጩን «ይህ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ ዋናውን ይጠይቁ፦ «ቢያድግብኝና ባልችለው መልሰህ ትቀበለኛለህ?»

ይህን ጥያቄ ዋና ያልኩት በምክንያት ነው። ዓሣ የሰለቸው ሰው «ነጻ ላውጣው» ብሎ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ይለቀዋል። እምቦጭን እናስታውስ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው አበባው አምሮ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ስላዞሩት ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ። ከዚያ በኋላ የጣና ዳር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ያየውን ሁላችንም ሰምተናል። ጣና በሌላ የዓለም ክፍል የሌሉ ከደርዘን በላይ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። አኳሪየም ውስጥ ያለ እንግዳ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ ወይም ተክል ወደዚያ ዓይነት ውሃ መግባት የለበትም። በሽንት ቤት መልቀቅም መፍትሔ አይደለም። ዓሣን መልሶ የሚቀበል፣ ወይም ሌላ ወሳጅ የሚያገናኝ፣ ተንሳፋፊ ተክል ሲሸጥም «ትርፉን አድርቀሽ ጣዪ» የሚል ሱቅ ካገኙ፣ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም እዚያ ይግዙ ባይ ነኝ።

ከሻጮቹ ጋር ስንነጋገር ግን እንደ ፈተና አይሁን። ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከቀድሞ አሠሪያቸው ነው፤ የሰሙትን ነው የሚያስተላልፉት። በትህትና «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «አላውቅም፤ ግን ጠይቄ እነግርሻለሁ» የሚል ሻጭ ለእኔ ሁሉንም ከሚያውቀው ይሻላል። ባለቤቱና ተቀጣሪው የተለያየ መልስ ሊሰጡ እንደሚችሉም አይርሱ፤ በአንድ ቀን ንግግር ሱቁን አይፍረዱበት።

አሁን እጅዎ ላይ ስላለው ነገር። ወደ ሁለተኛው ሱቅ ይመለሱና ጠርሙሱን ይዘው ይጠይቁ፦ መቼ ነው ጊዜው የሚያልፈው? ሙቀት ላይ ነበር የተቀመጠው? ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። በውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ከሆነ አያያዙ ይወስነዋል። ከዚያ ጤነኛ ዓሦች ካሉበትና ብዙ ጊዜ ከሠራ ፊልተር አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ይለምኑት። እርጥብ እንደሆነ አምጥተው በራስዎ ፊልተር ውስጥ ይክተቱት። ከጠርሙሱ ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚህ ነው። ፊልተሩ ሌት ተቀን ይሥራ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ይጨምሩ፤ እየበሰበሰ አሞኒያ ይሰጣል።

የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ይግዙ፤ ካጡ ሱቁ ውሃዎን ይመርምርልዎ። አሞኒያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ናይትራይት ይወጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ይወርዳሉ። ምግብ እየጨመሩም ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲቆዩ፣ ናይትሬትም ሲታይ ዝግጁ ነው። ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም ሊሆን ይችላል።

ያኔ ውሃውን ግማሽ ያህል ይቀይሩና ጎልድፊሽ ካሰቡ አንድ ትንሽ፣ ጌጠኛውን ዓይነት ያስገቡ። እሱም ሲያድግ ሰፋ ያለ ቤት እንደሚፈልግ ከወዲሁ ይወቁ። ልጆቹ ብዛት ከፈለጉ ደግሞ ማሞቂያ ገዝተው ወንድ ጋፒዎች አምስት ወይም ስድስት ይበቃሉ፤ ሴት ከተቀላቀለች በየወሩ ትወልዳለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ብቻ ነው የሚቀይሩት። ስፖንጁን ሲያጥቡም ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁት እንጂ ቧንቧ ስር አይያዙት።